ለሙዚየምና ለመዝናኛ ሰፈሩ የኋላ በር ይተውለት፦ ለከተማው የፕላንና የልማት መሥሪያ ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ የከተማው የፕላንና የልማት መሥሪያ ቤት ኃላፊ፣
ለተከበራችሁ የሰፈሩ የልማት ኮሚቴ አባላት፣

ጉዳዩ፦ የተሻሻለው የሙዚየምና የመዝናኛ ሰፈር ፕላን በሥራችን ላይ ያስከተለውን ችግር ስለማሳወቅና እንዲታረም ስለመጠየቅ

እኛ ይህን ደብዳቤ የጻፍን ሰዎች በሰፈሩ ቴአትር ቤቶች፣ የሙዚቃ አዳራሾችና ሙዚየሞች የምንሠራ የመድረክ፣ የመብራትና የድምፅ ባለሙያዎች፣ የቅርስ ጥገናና የቅርስ ማከማቻ ሠራተኞች እንዲሁም አስጎብኚዎች ነን። የተሻሻለው ፕላን ሲዘጋጅ በስብሰባም ሆነ በጽሑፍ ሐሳባችንን የጠየቀን የለም፤ ፕላኑን ያየነው ጸድቆ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ያስገባናቸው ማመልከቻዎች መልስ ስላላገኙና ሥራው ተጀምሮ ቁፋሮው ስለቀጠለ፣ ጉዳዩን በአደባባይ ለማቅረብ ተገደናል።

ቅሬታችን በአጭሩ ይህ ነው። ፕላኑ የተሠራው ሰፈሩን ከፊት ለፊት ቆሞ ለሚያይ ሰው ነው። አደባባዩ፣ የመብራት ምሰሶዎቹ፣ የሕንፃዎቹ ገጽታና የመቀመጫዎቹ ዓይነት ሳይቀር በዝርዝር ተስለዋል። ዲኮር (የመድረክ ማስጌጫ) እና የድምፅ መሣሪያ የሚገባበት በር፣ ቅርስ የሚያርፍበት ክፍል፣ ባለሙያ የሚጠግንበት ጠረጴዛ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ሥራ የጨረሰ ሰው ወደ ቤቱ የሚሄድበት መጓጓዣ ግን በካርታው ላይ ቦታ አልተሰጣቸውም። እነዚህ የሌሉበት ሰፈር ሕንፃ ይኖረው ይሆናል እንጂ ትርኢትና ዐውደ ርእይ ሊኖረው አይችልም። ዝርዝሩን እናስከትላለን።

በመጀመሪያ ደረጃ የምናነሣው ከአዳራሾቹ ጀርባ ያለውን መንገድ ነው። በፕላኑ መሠረት ይህ መንገድ ለተሽከርካሪ ተዘግቶ የእግረኛ መናፈሻ ሆኗል። መንገድ ለእግረኛ መሰጠቱን አንቃወምም። ኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በ2009 ብሮድዌይ የተባለው ጎዳና ታይምስ ስኩዌር አደባባይን የሚያቋርጥበትን ክፍል ለመኪና ስትዘጋ፣ በአካባቢው በእግረኞች ላይ የሚደርሰው ጉዳት በ35 በመቶ መቀነሱን የከተማዋ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት አስታውቋል። በዚያ ያሉት ቴአትር ቤቶች ግን አብዛኞቹ በራቸው የተከፈተው በመስቀለኛዎቹ መንገዶች ላይ በመሆኑ፣ እነዚያ መንገዶች ደግሞ ለመኪና ክፍት ሆነው ስለቀጠሉ፣ ጭነታቸውን ማስገባት አልተቸገሩም። በእኛ ሰፈር ፊት ለፊቱ አደባባይ፣ ጀርባው መናፈሻ ሲሆን ለጭነት መኪና የቀረ መግቢያ የለም። መኪናው ሁለት መንገድ ርቆ ይቆማል፤ የቀረው ርቀት በሰው ጉልበት ይሸፈናል።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ቢሮ ለሚውል ሰው በቀላሉ ላይታየው ስለሚችል አንዱን ጉዳይ ብቻ እንግለጽ። አንድ ትልቅ የኮንሰርት ፒያኖ ወደ 480 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ለማጓጓዝ እግሮቹ ይፈታሉ፣ አካሉ በወፍራም ብርድ ልብስ ይጠቀለላል፣ በጎኑ ቆሞ ዝቅ ባለ ጋሪ ላይ ይታሰራል። የጋሪው ጎማዎች ትንንሽ ናቸው፤ የተሠሩት ለለስላሳ ወለል ነው። በአዲሱ የድንጋይ ንጣፍ ላይ ሲገፋ ጎማው በየመገጣጠሚያው ይሰነቀራል፣ ፒያኖው በተነቃነቀ ቁጥር አራት ሰው ከጎን ደግፎ መያዝ አለበት፣ መሣሪያው መድረክ ላይ ሲደርስም ቅኝቱ ተዛብቶ ስለሚገኝ ቃኚው ለልምምድ የተመደበውን ሰዓት ይወስዳል። ትርኢቱ ሲያልቅ ደግሞ ሁሉም ነገር በዚያው መንገድ በጨለማ ይመለሳል። አንድ የመብራት ባለሙያ ባልደረባችን በዚሁ ንጣፍ ላይ የተገለበጠ የመሣሪያ ሣጥን ጣቶቹን ቀጥቅጦት ለረጅም ጊዜ ከሥራ ውጭ ሆኗል። ከሌላ ከተማ ሊመጣ የነበረ የዳንስ ቡድንም የመግቢያውን ሁኔታ በፎቶግራፍ አይቶ ዲኮሩን ማስገባት እንደማይችል በመግለጽ ውሉን ሰርዟል። ለዚህ ሁሉ መፍትሔው ውድ አይደለም። ጠዋት ለተወሰኑ ሰዓታትና ከትርኢት በኋላ በፈቃድ የሚከፈት አንድ የጭነት መስመር ይበቃል፤ በእነዚያ ሰዓታት መናፈሻው ውስጥ የሚንሸራሸር ሰው ቁጥሩ ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የድምፅ ነው፤ ለአዳራሾቹ የህልውና ጥያቄ ስለሆነም ሰፋ አድርገን እናየዋለን። ፕላኑ ለብዙ ዓመታት ሙዚቃ ሲቀርብባቸው ከኖሩት አዳራሾች አጠገብ የመኖሪያ አፓርታማ እንዲሠራ ፈቅዷል፤ የድምፅ ገደቡን ደግሞ በአዲሱ ነዋሪ መስኮት ላይ አስቀምጦ፣ ገደቡን ለማክበር የሚያስፈልገውን ወጪ በአዳራሹ ላይ ጥሏል። ቀድሞ የነበረው ኋላ ለመጣው እንዲከፍል ተደርጓል ማለት ነው። ይህ አካሄድ በሌሎች ከተሞች ያደረሰው ጉዳት ይታወቃል። በለንደን እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2015 ባለው ጊዜ ከአነስተኛ የሙዚቃ ቤቶች 35 በመቶ የሚሆኑት ተዘግተዋል፤ ለመዘጋታቸው ከተጠቀሱት ምክንያቶችም የኪራይ መናርና አጠገባቸው ከተሠሩ መኖሪያዎች የመጣ የድምፅ አቤቱታ ይገኙበታል። የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2014፣ እንግሊዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 በፕላን ደንባቸው ውስጥ ያስገቡት መርህ ለውጡን ያመጣው ወገን ኃላፊነቱን ይሸከም የሚል ነው። በሙዚቃ አዳራሽ አጠገብ መኖሪያ የሚሠራ አልሚ ድምፅ የሚከላከለውን ግንባታ በራሱ ወጪ ይሠራል፤ በመኖሪያ አጠገብ አዳራሽ የሚከፍትም እንዲሁ።

በፕላኑ ውስጥ የተጻፈው የመለኪያ ዘዴም ራሱ ነዋሪውን አይጠብቅም። ገደቡ የተቀመጠው በተለምዶ ዴሲቤል ኤ በሚባለው ልኬት ነው። ይህ ልኬት ጆሮ ለዝቅተኛ ድምፅ ያለውን ደካማ ስሜት ተከትሎ የተሠራ በመሆኑ፣ በ63 ኸርዝ አካባቢ ያለውን የቤዝና የከበሮ ድምፅ 26 ዴሲቤል ያህል ቀንሶ ይመዘግባል። እንቅልፍ የሚነሣውና ግድግዳና ወለል አልፎ የሚመጣው ግን ይኸው ዝቅተኛ ድምፅ ነው። ስለዚህ መለኪያው ሁሉም ደህና ነው እያለ ነዋሪው ሌሊቱን ሲቸገር ያድራል፣ አዳራሹም ደንቡን አክብሬአለሁ እያለ ይከሰሳል፣ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ዝቅተኛ ድምፅን የሚያቆመው ወፍራም መስታወት አይደለም፤ የሕንፃውን መዋቅር ከመሠረቱ ለይቶ መሥራትና ድርብ ግድግዳ ማቆም ነው። ይህ ሊደረግ የሚችለው ሕንፃው ገና ሲሠራ ስለሆነ፣ አቤቱታችንን አሁን የምናቀርበው አፓርታማው ሳይጀመር እንዲታረም ብለን ነው። በአሁኑ ጊዜ ከአዳራሾቹ አንዱ በተሰጠው ማስጠንቀቂያ ምክንያት ከምሽቱ አራት ሰዓት በፊት ለመጨረስ ሲል የቅዳሜ ሁለተኛ ትርኢቱን አጥፏል። በዚያ ትርኢት ይተዳደሩ የነበሩ ወጣት ሙዚቀኞችም መድረክ አጥተዋል።

የንዝረት ነገር ከዚህ ጋር ይያያዛል። በሰፈሩ የሌላ አዲስ ሕንፃ የመሠረት ቁፋሮ ከተጀመረ ወዲህ በአንዱ ሙዚየም በመስታወት መደርደሪያ ላይ የተቀመጡ የሸክላ ዕቃዎች ከቦታቸው ሲንሸራተቱ አይተናል። የጥገና ባልደረቦቻችን ከእያንዳንዱ ዕቃ ሥር ቀጭን ወረቀት አንጥፈው ዙሪያውን በእርሳስ አስምረዋል፤ ጠዋት ጠዋት ዕቃው ከመስመሩ ወጥቶ ይገኛል። ተቋራጩ የንዝረት መለኪያ እንዲተክል ያቀረብነው ጥያቄ እስከ አሁን ምላሽ አላገኘም።

ሦስተኛው ቅሬታ የሙዚየሞቹን የቅርስ ማከማቻ ይመለከታል። ፕላኑ ማከማቻዎቹ ከሰፈሩ ወጥተው ወደ ከተማው ዳርቻ እንዲዛወሩ፣ ባዶ የሚሆኑት ክፍሎችም ምግብ ቤትና መደብር እንዲሆኑ ይላል። በስብሰባ ላይ የተሰጠው ምክንያት ማከማቻ ጎብኚ አያመጣም የሚል መሆኑን ሰምተናል። ብዙ ሙዚየሞች ለሕዝብ የሚያሳዩት ካላቸው ስብስብ ጥቂቱን ብቻ ነው፤ የቀረው በማከማቻ ይኖራል፤ በማከማቻ የሚኖረውም ተረስቶ አይደለም። ጨርቃ ጨርቅን፣ የብራናና የወረቀት ጽሑፍን ብርሃን ይጎዳዋል፤ ጉዳቱም በጊዜ ብዛት ይደመራል እንጂ አይመለስም። በዚህ ምክንያት እነዚህ ቅርሶች ሲታዩ የብርሃኑ መጠን ከ50 ሉክስ እንዳይበልጥ ይደረጋል፤ ለተወሰነ ወራት ከታዩ በኋላም ወደ ጨለማ ክፍል ገብተው ያርፋሉ፣ ሌሎች ይተካሉ። ማከማቻው ከማሳያው አጠገብ ሲሆን ይህ ልውውጥ በአንድ ኮሪደር ይፈጸማል። ማከማቻው ሲርቅ ግን እያንዳንዱ ልውውጥ ማሸግ፣ መጫን፣ መንገድ፣ ማራገፍና ከሌላ የአየር ሁኔታ ጋር ማላመድ ይሆናል። ይህን ያህል ድካምና አደጋ ያለበት ሥራ ቀስ በቀስ መቅረቱ አይቀርም፤ ሲቀር ደግሞ ወይ ጎብኚው ሁልጊዜ ተመሳሳይ ነገር ያያል፣ ወይ ቅርሱ በብርሃን ያልቃል።

ማከማቻን ከከተማ ማውጣት ፈጽሞ ስሕተት ነው አንልም። የፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም የሴን ወንዝ ጎርፍ የምድር ቤት ማከማቻዎቹን ስለሚያሰጋ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በሰሜን ፈረንሳይ ሊየቫን በተባለች ከተማ ለዚሁ ተብሎ ወደተሠራ ማዕከል ስብስቡን ማዛወር ጀምሯል። ማዕከሉ ሙቀቱና እርጥበቱ ቁጥጥር የሚደረግበት፣ የጥገና ክፍሎችና የጥናት ቦታ ያለው ነው። ለእኛ ሙዚየሞች የተመደበው ግን ሸቀጥ ይከማችበት የነበረ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው መጋዘን ነው። ቀን ሞቆ ሌሊት በሚቀዘቅዝ ቤት ውስጥ እንጨት ይሰነጠቃል፣ ቀለም ይላቀቃል፣ ብረት ይዝጋል። በሙያው የሚመከረው አንጻራዊ እርጥበት በአመዛኙ ከ40 እስከ 60 በመቶ ባለው ውስጥ ሳይዋዥቅ እንዲቆይ ነው፤ በዚያ መጋዘን ይህን ማድረግ አይቻልም።

ማከማቻ ጎብኚ አያመጣም ለሚለውም መልስ አለን። በኔዘርላንድስ ሮተርዳም ከተማ የቦይማንስ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2021 ከራሱ ሕንፃ አጠገብ ከ150,000 በላይ ሥራዎች የሚይዝ ማከማቻ ሠርቶ ለሕዝብ ከፍቷል፤ ጎብኚው በመደርደሪያዎቹ መካከል ይዘዋወራል፣ ጠጋኞች ሲሠሩ በመስታወት ያያል። በምሥራቅ ለንደንም ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2025 ተመሳሳይ ማከማቻ ከፍቷል፤ ማንም ሰው ቀድሞ ቀጠሮ ይዞ የሚፈልገውን ዕቃ አውጡልኝ ብሎ በቅርብ ማየት ይችላል። መሥሪያ ቤታችሁ ምግብ ቤት ሊያደርጋቸው ያሰባቸው ክፍሎች እንዲህ ለሕዝብ ቢከፈቱ፣ ሰፈሩ በየትም ቦታ ከሚገኝ ምግብ ቤት የበለጠ የሚታይ ነገር ያገኛል።

አራተኛ፣ ስለ እሳትና ስለ ሕዝብ መጨናነቅ በግልጽ መናገር ግዴታችን ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 2 ቀን 2018 በሪዮ ዴ ጄኔሮ የብራዚል ብሔራዊ ሙዚየም ሲቃጠል፣ እሳቱ የተነሣው ከአንድ የአየር ማቀዝቀዣ እንደሆነ የፖሊስ ምርመራ ደምድሟል፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሲደርሱም በቅርብ የነበሩት የውሃ መቅጃዎች ውሃ አልነበራቸውም። ወደ 20 ሚሊዮን ከሚጠጋው ስብስብ አብዛኛው በአንድ ሌሊት ጠፋ። በእኛ ፕላን ላይ የምግብ ቤት ማብሰያ ክፍሎች ከሙዚየም ግድግዳ ጋር ተያይዘው ተስለዋል። የእሳት አደጋ መኪና ይገባበት የነበረው የኋላ መንገድም በአበባ መደብና በድንጋይ ምሰሶ ተዘግቷል። በሁለቱ ትልልቅ አዳራሾች መካከል ያለው መተላለፊያ ደግሞ ግራና ቀኝ ሱቅ እንዲሠራበት ሲባል እንዲጠብ ተወስኗል። ሁለቱ አዳራሾች በአንድ ሰዓት ሲለቁ ሕዝቡ የሚወጣው በዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 በደቡብ ኮሪያ ሴኡል ከተማ ኢቴዎን በተባለ ሰፈር 159 ሰዎች የሞቱት በአንድ ጠባብ ተዳፋት መተላለፊያ ውስጥ በተፈጠረ መጨናነቅ ሳቢያ ነው፤ የመተላለፊያው ጠባብ ክፍል ስፋት 3 ሜትር ከጥቂት ነበር። ስለ መውጫ በሮች የምናውቀው በየምሽቱ ሕዝቡን የምንሸኘው እኛ ነን፤ በዚያ መተላለፊያ አንድም ሱቅ መሠራት የለበትም።

የሌሊት መጓጓዣና የኪራይ ውል ጉዳይ ለሁሉም ግልጽ ስለሆነ ብዙ አናብራራም። የመጨረሻው አውቶቡስ ትርኢት ከማለቁ በፊት ይሄዳል፤ ተመልካቹ ማብቂያውን ሳያይ ይነሣል፣ ሠራተኛው፣ በተለይ ሴት ባልደረቦቻችን፣ በጨለማ በእግር ይጓዛሉ። ለንደን እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ዓርብና ቅዳሜ ሌሊት በአንዳንድ የባቡር መስመሮቿ አገልግሎት የሰጠችው ይህን ችግር አይታ ነው። የኪራይ ውሉን በተመለከተ፣ ለአነስተኛ አዳራሾችና ለልምምድ ቤቶች የሚሰጠው የአንድ ዓመት ውል ብቻ ስለሆነ ማንም ወለል ሊያሠራ ወይም ድምፅ መከላከያ ሊገጥም አይደፍርም። ሰፈሩ በደመቀ ቁጥር ኪራዩ ይወጣል፣ ያደመቁት ደግሞ ይለቃሉ። የቪየና የሙዚየሞች ሰፈር እ.ኤ.አ. በ2001 በቀድሞው የንጉሠ ነገሥት ፈረስ ጋጣ ግቢ ሲከፈት ከትልልቆቹ ሙዚየሞች ጋር የዳንስ ማዕከል፣ የሕፃናት ሙዚየምና ለአነስተኛ የጥበብ ተቋማት የሚሆን የሥራ ቦታ እንዲኖረው ተደርጓል፤ ግቢው ቀንም ማታም ሰው የማይጠፋበት ሊሆን የቻለው በዚህ ስብጥር ይመስለናል።

መሥሪያ ቤታችሁ በተደጋጋሚ የሚያነሣውን የስፔኗን ከተማ የቢልባኦን ምሳሌም ሳንጠቅስ አናልፍም። አንድ ድንቅ ሕንፃ ከተማን ይለውጣል ሲባል የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1997 የተከፈተው የጉገንሃይም ሙዚየም ነው። ነገር ግን ቢልባኦ ወንዟን ከፍሳሽ የማጽዳት ሥራ የጀመረችው ከዚያ ቀደም ብላ ነው፤ የምድር ውስጥ ባቡሯም ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1995 ነበር። ሕንፃው የመጣው መሠረቱ ሲጣል ቆይቶ ነው። ከዚያች ከተማ የሚቀዳ ነገር ካለ ቅደም ተከተሉም አብሮ ይቀዳ።

ጸድቆ ያለቀ ፕላን አይለወጥም የሚል መልስ በቃል ተሰጥቶናል። ሆንግ ኮንግ ለምዕራብ ካውሉን የባህል ሰፈር ያወጣችውን የመጀመሪያ ፕላን ሕዝብ ተቃውሞት እ.ኤ.አ. በ2006 ትታ እንደገና ጀምራለች፤ ሰፈሩም ዛሬ የባህላዊ ኦፔራ ማዕከልና ትልልቅ ሙዚየሞች አሉት። እኛ የምንጠይቀው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ስለዚህ፦

1. ከአዳራሾቹ ጀርባ በተወሰኑ ሰዓታት የሚከፈት፣ ለእሳት አደጋና ለአምቡላንስ መኪና ግን በማንኛውም ሰዓት ክፍት የሆነ፣ ንጣፉም ለስላሳ የሆነ የጭነት መስመር በፕላኑ ውስጥ እንዲገባ፤

2. በአዳራሽ አጠገብ መኖሪያ የሚሠራ አልሚ የድምፅ መከላከያውን ወጪ እንዲሸፍን፣ ዝቅተኛ ድምፅ ለብቻው እንዲለካ፣ ይህ በግንባታ ፈቃዱ ላይ ሳይጻፍ የአፓርታማው ሥራ እንዳይጀመር፤

3. የቅርስ ማከማቻዎቹ የማዛወር ውሳኔ እንዲታገድ፤ መዛወራቸው የግድ ከሆነም ለዚሁ የተሠራ፣ አየሩ ቁጥጥር የሚደረግበት ቦታ ተዘጋጅቶ በጥገና ባለሙያዎች ሳይረጋገጥ አንድም ዕቃ እንዳይነሣ፤

4. በቁፋሮው አጠገብ ባሉ ሙዚየሞች የንዝረት መለኪያ በዚህ ሳምንት እንዲተከል፤ ይህ ጥያቄ ኮሚቴ የሚጠብቅ አይደለም፤

5. በሁለቱ አዳራሾች መካከል ያለው መተላለፊያ እንዳይጠብ፣ የውሃ መቅጃዎቹም ተፈትሸው ውጤቱ ለሕዝብ እንዲገለጽ፤

6. ለአነስተኛ አዳራሾችና ለልምምድ ቤቶች የረጅም ጊዜ ውል እንዲሰጥ፣ ትርኢት ባለባቸው ምሽቶችም የመጨረሻው አውቶቡስ ከትርኢቱ በኋላ እንዲነሣ፤

7. በልማት ኮሚቴው ውስጥ ከመድረክ ባለሙያዎች፣ ከቅርስ ጥገና ሠራተኞችና ከአስጎብኚዎች በራሳችን የተመረጡ፣ ድምፅ የመስጠት መብት ያላቸው ተወካዮች እንዲቀመጡ በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከእናንተ ጋር ተቀምጠን በካርታው ላይ መስመር በመስመር ለመነጋገር፣ የፕላኑን መሐንዲሶችም በትርኢት ምሽት ከመድረኩ ጀርባ፣ በሥራ ቀን ደግሞ በማከማቻ ክፍሎቹ ውስጥ አዙረን ለማሳየት ዝግጁ ነን። መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ከሰላምታ ጋር፣

በሰፈሩ የሚሠሩ የመድረክ፣ የመብራትና የድምፅ ባለሙያዎች
የሙዚየሞቹ የቅርስ ጥገናና የማከማቻ ሠራተኞች
የሰፈሩ አስጎብኚዎች

ግልባጭ፦
ለከተማው ምክር ቤት
ለእሳትና ድንገተኛ አደጋ መከላከያ አገልግሎት
ለመገናኛ ብዙኃን